ቤት ለመሥራት ኮሪያ ድረስ?

አንድ የወጣቶች ማኅበር ተነሥቶ «በመጪው ክረምት ደቡብ ኮሪያ ሄደን ቤት ለቸገራቸው ሰዎች ቤት እንሠራለን፤ በዚያውም የአገሩን ባህል እናያለን፤ እስቲ አግዙን» ብሎ መዋጮ ሲጠይቅ ሰሚው ወዲያው ለሁለት ይከፈላል። ገሚሱ «ተባረኩ» ብሎ እጁን ወደ ኪሱ ይሰዳል። ገሚሱ «የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች» ይልና ወሬ ይቀይራል። ልጆቻቸው እንዲህ ላለ ጉዞ በሚጋበዙባቸው፣ በውጭ አገር በሚኖሩ ወገኖቻችን ቤት ይህ ክርክር እንግዳ አይደለም። ሁለቱም ወገኖች የሚሉት ነገር አላቸው። የሚያስቸግረው እያንዳንዱ የሌላውን ደካማ ነጥብ መርጦ መምታቱ ነው፤ አንዱ «ፎቶ አሳዳጅ» ይላል፣ ሌላው «ልበ ደረቅ» ብሎ ይመልሳል። እኔ የሁለቱንም ጠንካራ ጠንካራ ነጥብ ይዤ ለመሄድ እሞክራለሁ፤ መጨረሻ ላይ ወደ አንድ በኩል ትንሽ ማዘንበሌ ባይቀርም።

ነገሩ በደፈናው እንዳይሆን አንድ የታወቀ ምሳሌ እንያዝ። ሀቢታት ፎር ሂውማኒቲ የተባለውን ድርጅት ሚላርድና ሊንዳ ፉለር የተባሉ ባልና ሚስት እ.ኤ.አ. በ1976 በአሜሪካዋ ጆርጂያ ግዛት መሠረቱት (ዓ.ም. ካላልኩ በቀር ከዚህ በኋላ ያሉትም ዓመታት፣ ወራትና ቀናት በፈረንጆቹ ናቸው)። የድርጅቱ አሠራር ከምጽዋት ይለያል። ቤቱ ለቤተሰቡ በነጻ አይሰጥም፤ ያለ ወለድ፣ በረጅም ጊዜ እየከፈለ ይጨርሰዋል። በዚያ ላይ በራሱና በጎረቤቶቹ ቤት ግንባታ በመቶ የሚቆጠር ሰዓት ላቡን ያፈስሳል። በጎ ፈቃደኛው ከጎኑ ቆሞ ያግዛል። የቀድሞው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተር በ1984 መዶሻ አንሥቶ ከገባበት በኋላ ሥራው በዓለም ታወቀ። በ2001 ነሐሴ ላይ ካርተርና ባለቤቱ ሮዛሊን ኮሪያ ሄዱ፤ ዋናው ሥፍራ ከሴኡል በስተደቡብ ያለችው አሳን ነበረች። ከኮሪያም ከውጭም የመጡ በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች አሳን ላይና በሌሎች ከተሞች በአንድ ሳምንት ከመቶ በላይ ቤቶች አቆሙ። ከዚያ ወዲህ አሳንና ጎረቤቷ ቾናን በዚህ ሥራ ስማቸው ይነሣል።

«ኮሪያ ደግሞ ምን ጎደላት?» የሚለው ጥያቄ ቀድሞ ይመጣል፤ መምጣቱም ተገቢ ነው። ሳምሰንግና ሂዩንዳይ ያሏት፣ ከ2010 ጀምሮ በኦኢሲዲ የለጋሽ አገሮች ኮሚቴ ውስጥ የተቀመጠች አገር የሰው መዶሻ ያስፈልጋታል ወይ? ሆኖም የአገር ሀብትና የሰው ቤት ሁልጊዜ አብረው አይሄዱም። «ፓራሳይት» የተባለውን የ2019 ፊልም ያየ ሰው ባንጂሃ የሚባሉትን፣ ግማሻቸው ከመሬት በታች የሆኑ ቤቶች ያስታውሳል። ፊልሙ ልብ ወለድ ነው፤ በነሐሴ 2022 ግን ሴኡል ላይ በወረደው ዶፍ እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ ውሃ በሩን ዘግቶባቸው የሞቱ የአንድ ቤተሰብ አባላት ልብ ወለድ አልነበሩም። ጆንሴ የሚባል የኪራይ ዓይነትም አለ። ተከራዩ በየወሩ ከመክፈል ይልቅ ብዙ ገንዘብ በአንድ ጊዜ ያስይዛል፤ ሲወጣ ሊመለስለት ነው። ባለቤቱ መመለስ ሲያቅተው ወይም አጭበርባሪ ሆኖ ሲገኝ የወጣት ባልና ሚስት ጠቅላላ ቁጠባ ይዞ ይጠፋል። ችግሩ ሰፍቶ በ2023 ለተጎጂዎች ልዩ ሕግ እስከ ማውጣት አድርሷል። ወደ ገጠር ከተወጣ ደግሞ ልጆቻቸው ሴኡልና አካባቢው ገብተው የቀሩባቸው፣ ጣሪያቸውን የሚያድስ ጉልበት የሌላቸው አዛውንት አሉ። ስለዚህ «እዚያ ችግር የለም» የሚለው መከራከሪያ ብዙ አያራምድም።

የተቃዋሚዎቹ ጠንካራ ነጥብ ሌላ ነው። ችግር ካለ፣ ሀብትም ካለ፣ የባለቤቱ አገር ይሥራው ይላሉ። ለዚህም ምሳሌ አያጡም። ሾን የተባለው ኮሪያዊ ዘፋኝ ከ2020 ጀምሮ በየዓመቱ ነሐሴ 15፣ ኮሪያ ከጃፓን ቅኝ አገዛዝ ነጻ በወጣችበት ቀን፣ 81.5 ኪሎ ሜትር ይሮጣል። ከሩጫው የሚሰበሰበው ገንዘብ በሀቢታት ኮሪያ በኩል ለነጻነት ተዋጊዎች ልጆችና የልጅ ልጆች ቤት ይሠራበታል። ከባሕር ማዶ የሚመጣ መዶሻ ሳይጠበቅ ቤቱ ቆመ። የአርበኛ ልጅ ቤት አጥቶ ማየት ምን እንደሆነ ለምናውቅ ለእኛ ይህ ታሪክ ሩቅ አይደለም። ታዲያ ከቨርጂኒያ ወይም ከስቶክሆልም አሥራ ሁለት ወጣት መጫን ምን ጨመረ?

የገንዘቡም ስሌት ከዚሁ ጋር ይመጣል። ከአሜሪካ ወይም ከአውሮፓ ኮሪያ፣ ኢንቾን አየር ማረፊያ፣ ደርሶ መልስ የአንድ ሰው ትኬት ብዙ ጊዜ ከአንድ ሺህ ዶላር ይበልጣል። የአሥራ ሁለት ሰው ትኬት ብቻ፣ ማረፊያና ምግብ ሳይጨመር፣ የአንድ የተጎዳ ጣሪያ ሙሉ እድሳት ባይሆን እንኳ ከፍተኛውን ድርሻ ሊሸፍን ይችላል። የተለማመደ አናጢ በሁለት ቀን የሚጨርሰውን ሥራ፣ መዶሻ ይዘው የማያውቁ ልጆች በሳምንት ለመሥራት የሰውን ትኬት መክፈል በሒሳብ ዓይን አይጸድቅም። እዚህ ላይ ተቃዋሚዎቹ ትክክል ናቸው፤ ደጋፊዎቹም ቢሆኑ ይህን ነጥብ በስሜት ከማለፍ ይልቅ ቢያምኑት ይሻላል።

ሒሳቡ ግን አንድ ያልተነገረ ግምት አለበት፤ ጉዞው ቢቀር ገንዘቡ ለቤቱ ይሄዳል የሚል። ይህ ብዙ ጊዜ የሚሆን አይመስለኝም። ለልጁ ጉዞ መቶ ዶላር የሰጠ አጎት «ጉዞው ቀርቷል፤ መቶውን ቾናን ለምትኖር አሮጊት እንላክ» ቢባል ይልካል? አንዳንዱ ይልክ ይሆናል። አብዛኛው ግን የሰጠው ልጁን ስለሚያውቅ ነው። በተጨማሪም ሄዶ የመጣ ሰው ከዚያ በኋላ ለዓመታት የሚሰጠው ገንዘብና ጊዜ በመጀመሪያው ስሌት ውስጥ አልገባም። እርግጥ ይህም ቢሆን ሊጋነን ይችላል። ከጉዞ የተመለሰ ግለት ሁሉ የሚዘልቅ አይደለም፤ ሦስት ወር ሳይሞላው የሚበርድ አለ።

የሥራውን ቀን ቀረብ ብሎ ማየት ክርክሩን ትንሽ ያለዝበዋል። ጠዋት በጎ ፈቃደኞቹ ሄልሜትና ጓንት አድርገው ይሰለፋሉ፤ የኮሪያ የግንባታ ሥፍራ ሠራተኛ እንደሚያደርገው አንድ ላይ ሰውነታቸውን ያፍታታሉ። ከዚያ መሬት ላይ የተጋደመ የእንጨት ግድግዳ ይሰጣቸዋል፦ ከላይና ከታች አግዳሚ፣ በመሐል በ40 ሳንቲ ሜትር ግድም ርቀት የተደረደሩ ቋሚዎች። ሥራው ማጋጠሚያውን በምስማር መምታት ነው። ጀማሪው የመዶሻውን እጀታ አንገቱ ላይ ይይዛል፤ ይፈራል፣ በትንሹ በትንሹ ይመታል፣ ምስማሩ ይጎብጣል። አናጢው አንዴ ጠበቅ አድርጎ ይዞ፣ ሁለት ጊዜ መትቶ ያሳየዋል። ምሳ ሲደርስ ያው አናጢ የጎበጡትን እየዞረ ይነቅላል፤ ውሃ ልኩን አስቀምጦ ያያል፣ ቋሚውን በመዶሻ ጎን ነካ አድርጎ ይመልሰዋል። መሠረቱ፣ የመብራት መስመሩ፣ በወለሉ ውስጥ የሚዘረጋው የሙቅ ውሃ ቧንቧ ለበጎ ፈቃደኛ አይሰጥም፤ የባለሙያ ነው። ይህን አይቶ ተቃዋሚው «አላልኳችሁም? አናጢው ያለ እነሱ ይፈጥን ነበር» ይላል። ደጋፊው ደግሞ ዓይኑን ወደ ሌላ ጥግ ያዞራል። እዚያ የቤቱ እናት ከማታውቃቸው ልጆች ጋር ያንኑ ግድግዳ በሌላ ጫፍ ይዛ «አንሡ» ሲባል ታነሣለች። ከመንግሥት ቢሮ በወረቀት የተሰጣት ቤት አይደለም፤ ስታነሣው ክብደቱን አውቃዋለች።

ይህች ሴት በሁለቱም ወገን ክርክር ውስጥ ጎልታ አትሰማም፤ ቅር የሚለኝም እዚህ ላይ ነው። በየሳምንቱ አዲስ እንግዳ ሲመጣ ፈገግ ማለት፣ ምስጋና መናገር፣ ፎቶ መነሣት ይጠበቅባታል። ድህነት የጓዳ ነገር ነው፤ በኮሪያም፣ በእኛም ዘንድ። ፊቷ በሰው ስልክ ውስጥ ሆኖ ባሕር ተሻግሮ መሄዱ ልቧ ላይ የሚያሳድረውን እኔ ከዚህ ሆኜ መናገር አልችልም። ደስ የሚላት ልትኖር ትችላለች፤ ዝም ብላ የምትታገሥም ልትኖር ትችላለች። ደጋፊዎች ፈገግታዋን ማስረጃ ከማድረጋቸው በፊት፣ ተቃዋሚዎችም ውርደቷን ከመገመታቸው በፊት ሊጠይቋት ይገባ ነበር።

ሌላም ብዙ ያልተነገረለት ነገር አለ። በኮሪያ የግንባታና የእርሻ ሥራ ላይ የውጭ ሰው በየቀኑ አለ። ከ2004 ጀምሮ በሥራ ፈቃድ ሥርዓት የገቡ ኔፓላውያን፣ ቬትናማውያን፣ ካምቦዲያውያን አሉ። ለእነሱ ጭብጨባም፣ ስም የተጻፈበት ቲሸርትም የለም። በታኅሣሥ 2020 በፖቾን፣ ብርዱ በበረታበት ሌሊት፣ በእርሻ ላይ የምትሠራ አንዲት ካምቦዲያዊት በፕላስቲክ ግሪን ሃውስ ውስጥ በተሠራ ማደሪያ ሞታ ተገኘች፤ የስደተኛ ሠራተኞች ማደሪያ ጉዳይም በአገሩ መነጋገሪያ ሆነ። ቤት የሚሠራው በጎ ፈቃደኛ ለዚህ ተጠያቂ አይደለም፤ እሱን መውቀስ ግፍ ነው። ነገር ግን ልጆቻቸውን ወይም እኅቶቻቸውን ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች የላኩ አንባቢዎች ይህን ዜና በሌላ ዓይን ማንበባቸው አይቀርም። ቤት ለቸገረው ቤት ለመሥራት ኮሪያ የሄደ ሰው፣ በዚያ አገር በእርግጥ ቤት የቸገረው ማን እንደሆነ ቢጠይቅ የጉዞውን ዓላማ አያፈርስም፤ ያጠራዋል።

ስለ ጥድፊያም ማንሣት ይገባል። በአንድ ሳምንት መቶ ቤት ማቆም ሕዝብን ያነሣሣል፤ ጋዜጠኛን ይጠራል፣ ገንዘብ ያመጣል። ኮሪያ ግን ስለ ፈጣን ግንባታ የራሷ ረጅም ትዝታ አላት። በ1970 በፓርክ ቹንግ ሂ ዘመን ሴማውል የተባለው የገጠር ዘመቻ ሲጀመር መንግሥት ከ33 ሺህ ለሚበልጡ መንደሮች ለእያንዳንዳቸው 335 ከረጢት ሲሚንቶ ሰጠ፤ «በጋራ ተጠቀሙበት» ብሎ። በደንብ የሠሩት በሁለተኛው ዙር ተጨማሪ ሲሚንቶና ብረት አገኙ። መንገድ ተጠረገ፣ ድልድይ ተሠራ፣ የሣር ጣሪያ ወርዶ በምትኩ «ስሌት» የሚባል የጣሪያ ክዳን ወጣ። ዘመቻውን የሚያደንቁ ብዙ ናቸው፤ አፍሪካ ውስጥ ጭምር እንደ አርአያ ሲነሣ እንሰማለን። ከላይ የመጣ ግፊት ነበረበት፣ የወታደር መንግሥት ጥላ ነበረበት የሚሉም አሉ፤ ሁለቱም እውነት ሊሆን ይችላል። ከዓመታት በኋላ ግን ያ ክዳን አስቤስቶስ ያለበት ሆኖ ተገኘ፤ ሳንባን የሚጎዳ ነው። ኮሪያ በ2009 አስቤስቶስን ከለከለች፤ በገጠር የቀሩትን እነዚያን ጣሪያዎች እያወረደች ለማስወገድ ስትደክምም ቆይታለች። ማንም ክፉ አላሰበም። የገዛ መንደሩን ጣሪያ በገዛ እጁ የሠራ ሰው እንኳ ለመቸኮሉ ሌላ ትውልድ ሲከፍልለት፣ ለሰባት ቀን የመጣ እንግዳ ዝግ ቢል አያፍርበትም።

እንግዲህ ወደ መተጋገዝ እንምጣ፤ እዚህ ላይ የኮሪያና የእኛ ነገር በእርግጥ ይገናኛል። በድሮው የኮሪያ ገጠር ዱሬ የሚባል ነበረ፤ መንደሩ ባንድ ላይ ወጥቶ የሩዝ ማሳ ይተክላል፣ ያርማል፤ የእኛ ደቦ ማለት ነው። ፑማሺ የሚባል ደግሞ አለ፤ ዛሬ አንተ ለእኔ፣ ነገ እኔ ለአንተ፤ ወንፈል። ወንፈል የገባ ገበሬ ቀኑን ያውቃል፣ የሚመለስለትንም ያውቃል፤ ክብሩ ያለው እዚያ ላይ ነው። ከባሕር ማዶ ለሚመጣ በጎ ፈቃደኛ ግን ቤቱ የሚሠራላት የቾናን ሴት ጉልበቱን በምን ትመልስ? መመለሻ የሌለው ስጦታ ተቀባዩን ዝቅ ያደርጋል የሚለው የተቃዋሚዎች ስጋት መሠረቱ ይህ ነው፤ ከመሠረት የለሽ ትዕቢት ጋር ባንደባልቀው ጥሩ ነው።

ደጋፊዎች ለዚህ መልስ አላቸው፤ ለኢትዮጵያዊ ጆሮ ደግሞ ቅርብ ነው። በ1943 ዓ.ም. (1951) የቃኘው ሻለቃ ጦር ፑሳን ወደብ ደረሰ። በጦርነቱ ከ3 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ተሰለፉ፤ ከ120 በላይ ወደቁ፤ ከ500 በላይ ቆሰሉ። ወታደሮቹ ዶንግዱቾን ላይ ወላጅ አልባ ሕፃናትን የሚያሳድጉበት ቤትም ከፍተው ነበር። ቹንቾን ላይ ያለውን መታሰቢያ ሐውልት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1968 ሄደው መርቀዋል፤ በ2007 ደግሞ የኢትዮጵያ ዘማቾች መታሰቢያ አዳራሽ ተከፍቷል። ወዲህ በአዲስ አበባ ኮሪያ ሰፈር የነበሩት ዘማቾች በደርግ ዘመን፣ መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ከሰሜን ኮሪያ ጋር ሲወዳጅ፣ ያ ውለታቸው እንደ ነውር ተቆጥሮባቸው ኖረዋል። በኋላ ከደቡብ ኮሪያ እየመጡ ዘማቾችን የሚጠይቁና የሚረዱ ሰዎች «ውለታ ልንመልስ ነው» ይላሉ። ስለዚህ ወንፈሉ በአንድ ሳምንት አይዘጋም፤ በትውልድ መካከል ሊዞር ይችላል ማለት ነው።

ይህ መልስ ደስ ያሰኘኛል፤ ግን እስከ መጨረሻው አልከተለውም። ቃኘው በትእዛዝ፣ መሣሪያ ይዞ ሄደ እንጂ መዶሻ ይዞ አልሄደም። ስድሳና ሰባ ዓመት የቆየ ውለታ ደግሞ መጠበቅ የማይችለውን አዛውንት ሞቶ ያገኘዋል። በሌላ በኩል፣ ከአያቱ አንዱ ቃኘው የነበረ ወጣት ቾናን ላይ ምስማር ሲመታ ለእሱም ለቤቱ ባለቤትም ትርጉሙ ከሌላው እንግዳ ጋር አንድ ነው ብሎ መከራከር ግትርነት ይሆናል።

የባህሉ ነገር ቀርቷል፤ ብዙ ሰው የሚያፍርበት እሱ ነው። በጉዞው ወረቀት ላይ ሥራው አምስት ቀን፣ ባህሉ በመጨረሻ ሁለት ቀን ሆኖ ይቀመጣል፤ እንደ ሽልማት። ሴኡል ግዮንግቦክጉንግ ቤተ መንግሥት፣ ኪራይ ሀንቦክ፣ የአገሩን የባህል ልብስ፣ ለብሶ (የለበሰ መግቢያ አይከፍልም)፣ ፎቶ፣ ገበያ፣ አውሮፕላን። ተቃዋሚው ይህን ሲያይ «ይኸው፣ ሽርሽር ነበር» ይላል፤ ደጋፊው ተሸማቆ «ዋናው ሥራው ነው» ብሎ ይመልሳል። እኔ ግን ማፈሪያው የተገላቢጦሽ ይመስለኛል። በ1968 ኢቫን ኢሊች የተባለው ቄስና ጸሐፊ ሜክሲኮ ውስጥ ኩዌርናቫካ ላይ ለአሜሪካውያን የበጎ ፈቃድ ተማሪዎች ባደረገው ንግግር ሐሳቡ ይህ ነበረ፤ ለማየት፣ ለመማር፣ ተራራውን ለመውጣት ኑ፤ ለመርዳት ግን አትምጡ። አነጋገሩ መራራ ነው፤ ሙሉ በሙሉ አልቀበለውም። መርዳት ሁሉ ትዕቢት ከሆነ ደቦም ትዕቢት ሊሆን ነው። ቁም ነገሩ ግን ይይዘኛል፦ ለማየት የመጣ እንግዳ አለማወቁን ይዞ ይመጣል፤ ለመርዳት የመጣ ብዙ ጊዜ አለማወቁን ይረሳል።

ደግሞ ቤት የሚሠራ ሰው የቤቱን ባህል ሳያውቅ ምን ይሠራል? ኮሪያዊ ቤት ውስጥ ሙቀቱ ከወለል ነው የሚመጣው። ድሮ የማድ ቤቱ ጭስና ሙቀት ከወለሉ ድንጋይ ሥር አልፎ በሌላ በኩል ባለ ጭስ ማውጫ ይወጣ ነበር፤ ኦንዶል ይሉታል። ዛሬ በዚያው ቦታ የሙቅ ውሃ ቧንቧ ይሄዳል። ሰው ወለሉ ላይ ይቀመጣል፣ ይበላል፣ ይተኛል፤ ጫማ በር ላይ የሚወልቀውም ለዚህ ነው። ይህን የተረዳ በጎ ፈቃደኛ የወለሉ ሥራ ለምን ለእሱ እንዳልተሰጠ ማንም ሳያስረዳው ይገባዋል፤ በጭቃ ጫማ ሲረግጠውም ምን እየረገጠ እንደሆነ ያውቃል። ምሳ ላይ ታላቅ ሳያነሣ ማንኪያ እንደማይነሣ፣ ለታላቅ መጠጥ በሁለት እጅ እንደሚቀዳ፣ እድሜ መጠየቅ ነውር እንዳልሆነ ለኢትዮጵያዊ ልጅ ማስረዳት ብዙ አያስቸግርም፤ እቤቱ ያየው ነው። ባይሆን አሜሪካ ያደገው ልጅ ከአያቱ ያልሰማውን ቾናን ላይ ይሰማ ይሆናል።

የቦታውም ምርጫ ያው ነው። ሴኡል የግድ አይደለችም። አሳን ላይ የአድሚራል ዪ ሱን ሺን መታሰቢያ ህዮንቹንግሳ አለ፤ ቾናን ላይ በ1987 የተከፈተው የነጻነት አዳራሽ አለ። እዚያው አሳን ውስጥ ባለችው የኦኤአም መንደር ደግሞ ዛሬም ሰው የሚኖርባቸው የሣር ክዳን ቤቶች አሉ። ከሌላው ገጠር የሴማውል ዘመቻ በችኮላ ያወረደው ሣር እዚህ ጎብኚ ከፍሎ የሚያየው ሆኗል። ይህን ማየት ምስማር ከመምታት ያነሰ ትምህርት አይደለም። እርግጥ እዚያም የሰው ግቢ ውስጥ አንገት አስግጎ ማየት አለ፤ ነዋሪው ከጎብኚ ዓይን የሚያርፍበት ሰዓት ይፈልጋል። ባህል ማየት ራሱ ዋጋ አለው፤ ዋጋውንም የሚከፍለው አንዳንዴ ባለባህሉ ነው።

ወዴት አዘንብላለሁ? ጉዞው ይቅር አልልም፤ እንደ ተለመደው ይሂድ ማለትም ይከብደኛል። መዋጮ የሚሰበስብ ማኅበር ለእያንዳንዱ ትኬት ጎን ለጎን ለቤቱ የሚሄድ የተቆረጠ ገንዘብ ቢያስቀምጥ የሒሳበኛው ቅሬታ በከፊል ይመለሳል፤ ሙሉ በሙሉ አይመለስም። በተቻለ መጠን አዲስ ቤት ከማቆም ይልቅ የአዛውንትን ቤት ማደስ ቢመረጥ፣ እንግዳው ከሚጎዳው ይልቅ የሚጠቅመው ይበልጣል ብዬ እገምታለሁ፤ ቀለም መቀባት፣ እቃ ማውጣትና ማስገባት፣ አሮጌ ንጣፍ ማንሣት ልምድ አይጠይቁም። ፎቶ ባለቤቷ ካልፈቀደች አይነሣ፤ ብትፈቅድም በመጀመሪያው ቀን አይሁን። የቃኘው ልጅ ወይም የልጅ ልጅ በቡድኑ ካለ ደግሞ ቹንቾን ይሂድ። ከተመለሰ በኋላ በሚኖርበት ከተማ ያለን የአንድ አዛውንት ጣሪያ ወይም ኮሪያ ሰፈር ያለን አንድ የዘማች ቤት ሊያስብ ይችላል፤ ወንፈሉ እንዲዞር።

ከሁሉ በላይ ግን ቅደም ተከተሉ ቢገለበጥ እወዳለሁ። ባህሉ በመጨረሻ እንደ ሽልማት ከሚመጣ ይልቅ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ይሁን፤ መንደሩን አይተው፣ ወለሉ ላይ ተቀምጠው በልተው፣ ማን ቀድሞ ማንኪያ እንደሚያነሣ አውቀው፣ ከዚያ ወደ ግንባታው ይግቡ። «ከደከሙና ካላባቸው በኋላ ያለው ነው ባህሉን የሚያጣፍጠው» የሚል ተቃውሞ ይኖራል፤ እውነት አለው። ሌላው ተቃውሞ ደግሞ የሥራ ቀን ያጥራል የሚል ነው። ልጆቹ በሰልፍ፣ በመተዋወቅና በትርጉም የሚያጠፉት ጊዜ ሲደመር አንድ ግድግዳ ሳይቆም ሊቀር ይችላል። ያቺን ግድግዳ የአገሩ አናጢ ከምሳ በፊት ያቆማታል።